የሦስተኛው ፎቅ ደወል

አሥራ ዘጠኝ ዓመት ቁልፍ የያዝኩ እኔ ነኝ፤
ወገቤ ላይ ሲንቃጨል ኮሪደሩ ሁሉ ጸጥ የሚልልኝ።
ከድራቫ ወንዝ ማዶ፣ ከበቆሎው ማሳ ጀርባ፣
የታመመም ያልታመመም፣ አንዴ ከገባ የገባ።

የመብራቱ ማጥፊያ ከውጭ ነበር፣ በእኔ በኩል፤
ማታ ልክ በሁለት ሰዓት ቀጭ! ሳደርገው
ስልሳ ሰው በአንዴ ይመሽበታል፤
ያላለቀ ጨዋታ እዚያው ጨለማው ውስጥ ይቀራል።
ሻይ ከነስኳሩ በባልዲ ይመጣ ነበር፤
ማንም አይጠይቅ፣ ማንም አይናገር።

ዱብራቭካ የመጣች ለት እኔም አዲስ ነበርኩ።
አባቷ በትራክተር አምጥቷት
«እስከ መኸር ብቻ» ብሎ ፈርሞ ሄደ።
ስንት መኸር ታጨደ!
አርባ አንድ ቁጥር ናት። በቀይ ክር ሸሚዟ አንገት ላይ ተጠልፏል።
የጠለፍኩት እኔ ነኝ። እጄ ጥልፍ ያውቃል።

በአንድ የመጋቢት ቀን ከዛግሬብ ወረቀት መጣ፤
ቤቱ ይዘጋ ይላል፤ ሰው ወደ ሰው ይውጣ።
እኔ ምን አልኩ? እውነቱን ልናገር፦ ሳቅሁ።
«እሳት ያስነሳሉ፣ መንገድ ይጠፋቸዋል፣
ክረምት ሳይገባ ይመለሳሉ» አልኩ።
ለእነሱ ሳይሆን ለራሴ እንደፈራሁ
ያን ቀን አላወቅሁ።

ትራሙ የሚዞርበት ማዕዘን፣ ሦስተኛ ፎቅ፣
ለእሷና ለሽቴፊትሳ ሁለት ክፍል፣ አንድ ኩሽና።
ቁልፉን መዳፏ ላይ አኖርኩላት።
በሩ ፊት ቆማ ጠበቀች። ዞራ ወገቤን አየች።
«አንቺ ነሽ የምትከፍቺው» አልኳት።

ሱቅ ውስጥ ስድስት ዓይነት ጨው ፊት ሩብ ሰዓት ቆመች፤
«ነገ እመርጣለሁ» ብላ ባዶ እጇን ወጣች።
«ሽንት ቤት ልሂድ?» ትለኛለች፣ በገዛ ቤቷ።
ፈቃዱ ከእጄ ወጥቷል፤
አፌ ግን ሳያስበው «ሂጂ» ይላል።

ሁለተኛ ፎቅ ያለው ፍራንዮ፣ ጡረተኛው ባቡር ነጂ፣
«እብድ አናስገባም» ብሎ ፊርማ ያሰባሰበው፣
ሽንኩርት ያረረባት ቀን እየጮኸ ወጣ።
እዚያ ቤት ጩኸት ሲመጣ መርፌ ይከተላል፤
እጅጌዋን ጠቅልላ ክንዷን ዘረጋችለት።
ሰውየው ዝም አለ።
መስኮቱን ከፈተ፣ እሳቱን ዝቅ አደረገላት፣
እንዴት ዝቅ እንደሚል አሳያት።
ፊርማውን ግን አልሰረዘም።

ባለፈው ሳምንት ሸሚዟን ጭኗ ላይ ዘርግታ
ቀዩን ክር በመርፌ ጫፍ አንድ በአንድ ፈታችው።
ክሩ ወጣ። ቀዳዳው አለ።
ብርሃን ላይ ካልያዙት አይታይም፤
ለእኔ ይታየኛል።

ዛሬ ማክሰኞ ነው። ቀጠሯችን ረፋድ፣ አራት ሰዓት።
አሁን ስሜ «ረዳት» ነው፤ እኔም እንደ ሰው ደወል እደውላለሁ።
ከውስጥ ሬዲዮ፣ የማንኪያ ድምፅ፣ የሁለት ሴቶች ሳቅ።
ኮቴ መጣ፤ በሩ ጀርባ ቆመ።
«ማን ነው?»
«እኔ ነኝ፣ ያድራንካ።»
ቆየች። ስትተነፍስ ይሰማኛል።
«ዛሬ አይመቸኝም።»

ቦርሳዬ ውስጥ ትርፍ ቁልፍ አለ፣ ለአደጋ ተብሎ የተሰጠኝ።
እጄ፣ የለመደ እጅ፣ ሳላዘው ሄዶ ነካው።
ብረቱ ቀዘቀዘኝ።
ደረጃውን ወረድኩ። ትራሙ አመለጠኝ።
ከማዶ ሆኜ ቀና ብል፣ በዚህ ጠራራ ፀሐይ፣
የኩሽናዋ መብራት በርቷል፤ ጠፋ፤ ደግሞ በራ።
ቆጣሪው ይቆጥራል ልላት አሰብኩ፣
በቀን ማን ያበራል ልላት አሰብኩ።

ይብራ።